ካሜራም አደብ ያስፈልገዋል



በብዙ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ስለ ፊልም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» የሚለው ነው። እሱን ለዑለማኦቻችን እንተወውና፣ ቴሌቪዥን በገባበት ቤት ሁሉ ሊነሳ የሚገባውን ሌላ ጥያቄ እናንሳ። ለመሆኑ ይህ ፊልም ሰውን የሚያየው እንዴት ነው? አክብሮ ነው ወይስ ገላልጦ? ሰሞኑን እዚህ ውርጌሳ ከልጆች ጋር ካየናቸው የቆዩና ቀረብ ያሉ ፊልሞች ጥቂቶቹን በዚህ ሚዛን እንመዝናቸው።

በመጀመሪያ «አር-ሪሳላ»ን እንውሰድ። የሐለብ ተወላጅ የሆነው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ይህ ፊልም በዐረብኛና በእንግሊዝኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን ሁለት ጊዜ የተሠራ ነው። በፊልሙ ውስጥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ሌሎቹ ሰዎች ወደ ካሜራው ዞረው ሲናገሩ ተመልካቹ ነገሩን ከእነርሱ አነጋገር ይረዳዋል። በፊልሙ ላይ ሁሉም ዑለማእ አልተስማሙም። እኛም በበኩላችን ጦርነቱ በዝቶ፣ ሙዚቃውም ከልክ በላይ ገንኖ አግኝተነዋል። ሆኖም ጃዕፈር (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ቆሞ ከሱረቱ መርየም ሲያነብ፣ የሐበሻ ልጅ የሆነ ሁሉ ልቡ መነካቱ አይቀርም። ከዚህ ፊልም የምንይዘው ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ታሪክ ዋናውን ሰው ሳያሳይ መነገር ከቻለ፣ አለማሳየትም አንዱ የማክበር መንገድ ነው።

ሁለተኛው የኢራናዊው መጂድ መጂዲ «የሰማይ ልጆች» ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ዐሊ የተባለ ልጅ የእህቱን የዘህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ድሃ መሆኑን ስለሚያውቁ ነገሩን ደብቀው በአንድ ጥንድ ጫማ ይማራሉ፤ እሷ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። አባትየው የመስጊድ ስኳር ተሰጥቶት እየፈለጠ ሳለ ለራሱ ሻይ ስኳር ሲፈልግ፣ ከፊቱ ከተከመረው አያነሳም፤ ከቤት እንዲመጣለት ይጠይቃል። አማናን ለልጅ ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል? ኋላም ዘህራ ጫማዋን በሌላ ተማሪ እግር ላይ ታየዋለች። ከወንድሟ ጋር ልጅቷን ተከትለው እስከ ቤቷ ይሄዳሉ። የልጅቷ አባት ዓይነ ስውር መሆኑን ሲያዩ ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ ይመለሳሉ። የሌላውን ችግር አይቶ ዝም ብሎ መመለስ፣ ሐያእ ማለት ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ! ከዚህ በኋላ በእኛው በወሎ ላይ የተነሱትን ሁለት ፊልሞች ማየት ይከብዳል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ «ያልታወቀው ረሃብ» ብሎ ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ናይሮቢ የተወለደው ሙስሊም የካሜራ ባለሙያ ሙሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ሆኖ፣ ያኔ በወሎ ሥር የነበረችውን ቆረምን ለዓለም አሳየ። ከዚያ በኋላ እርዳታው ጎረፈ። መንግሥታት የደበቁትን ያወጡ፣ ለብዙ ነፍስም ምክንያት የሆኑ ፊልሞች ናቸውና ውለታቸው አይካድም።

ይሁን እንጂ በእነዚያ ምስሎች ውስጥ ያሉት ሰዎች በአብዛኛው ስም የላቸውም። ስለ እነርሱ ይነገራል እንጂ እነርሱ አይናገሩም። በደህናው ቀን ያለ ሻሽ ከደጇ የማትወጣ እናት፣ ገላዋ ተራቁቶ ለዓለም ታየች። ወደ ቆረም የሚወስደው ዋና መንገድ በውርጌሳ በኩል ያልፋል፤ በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ በወሎ መንገዶች ዳር የተሰለፉት ረሃብተኞች የእኛው አያቶችና አጎቶች ነበሩ። ስማቸውን የምናውቀው እኛ ነን፤ ፊልሙ ግን አያውቃቸውም።

ይህን ጉድለት ቀረብ ያሉት ፊልሞች በከፊል ሞልተውታል። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል በይፋ ተመርጦ የታየው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ እናቱን ረሃብ ስለነጠቀው ኤፍሬም ስለሚባል ልጅ ይተርካል። አባቱ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከበጉ ጋር በዘመድ ቤት ይተወዋል። ልጁ ምግብ መሥራት ይወዳል፤ ሳምቡሳ እየጠበሰም ገበያ ይሸጣል። ተራራው በጣም ከማማሩ የተነሳ ችግሩን ይሸፍነዋል ብንልም፣ የረሃብ ልጅ እዚህ ስምና ሙያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የጄሲካ በሺር «ፋያ ዳዪ» ደግሞ የሐረርን አካባቢ ጫትና ወጣቶች በጥቁርና ነጭ ያሳያል። ወጣቶቹን በራሳቸው አንደበት ማናገሩ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ጭሱና ብርሃኑ እጅግ ከማማሩ የተነሳ ምርቃናን የዕረፍት በር ሊያስመስለው ስለሚችል፣ ልጆች ብቻቸውን ባያዩት እንመርጣለን።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለምን ተነሳ? ዛሬ ካሜራው በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ነውና። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ብዙ ሰው ባፈናቀለ ጊዜ፣ እርዳታ የሚቀበሉ ወገኖች ፊት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አይተናል። በየረመዷኑም ዘይትና ዱቄት የምትቀበል መበለት ከረጢቱን ይዛ ወደ ካሜራ እንድታይ ትደረጋለች። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራው እንዳያውቅ የተማርን ሰዎች፣ ሰደቃችንን ለሺህ ሰው ማሳየታችን አያስገርምም? «ለጋሾች ማስረጃ ይፈልጋሉ» የሚል ይኖራል። ማስረጃው ግን የዱቄቱ ብዛትና የተቀባዩ ፊርማ ሊሆን ይችላል፤ የሴትዮዋ ዕንባ የግድ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ፊልም ባለቀ ቁጥር ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፦ «ይህ ሰው ስሙ ማን ነበር? በራሱ አንደበት ምን አለ? እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ እንዲህ መታየት ትፈልጉ ነበር?» ይህን እየተጠየቀ ያደገ ልጅ ነገ ስልኩን በችግረኛ ፊት ሲያነሳ እጁ ቆም ይላል።

አላህ የወንድሞቻችንን ገመና ከሚሸፍኑት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።