ቁልፉ ማን እጅ ነው?

በእሸት ቡና ሰሞን ከፋ ውስጥ፣ ቢታ ገነት ላይ፣ ማታ ማታ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም ጽፌ ነበር። የቀኑን የርክክብ መዝገብ አንዴ አንብቦ የየገበሬውን ክፍያ ያወጣል፤ እንደገና አንብቦ ጠቅላላውን ይደምራል። አንድ ማታ ሁለቱ አልገጠሙም። ልዩነቱ የ63 ኪሎ ዋጋ ነበር። ቀመሩን ስፈትሽ ነጋ፤ ቀመሩ ንጹሕ ነው። ለካ በሁለቱ ንባቦች መሃል መዝጋቢዋ በስህተት 18 ተብሎ የገባውን ኪሎ 81 ብላ አርማዋለች። እርማቷ ልክ ነው። ጥፋቱ መዝገቡን ሳልቆልፍ ፕሮግራሙን የለቀቅሁት የእኔ ነው።

ቆለፍሁት። ፕሮግራሙ ሲጀምር «ተይዟል» የምትል ባዶ ፋይል ይፈጥራል፣ ሲጨርስ ያጠፋታል፤ የመመዝገቢያው ቅጽ እሷን ካየ አልጽፍም ይላል። በሦስተኛው ቀን ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ገበሬው ጆንያውን ይዞ ተሰልፏል፣ ኮምፒውተሩ «ተይዟል» ይላል።

«ኧረ ወንድሜ፣ ማነው የያዘው?» አለችኝ መዝጋቢዋ።

ማንም። ያዡ ከመብራቱ ጋር ሞቷል፤ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። (ኤክሴል እንኳ ፋይል ሲቆልፍ የያዘውን ሰው ስም ይናገራል። የእኔዋ ፋይል ስም አልነበራትም።)

ሊኑክስ ላይ «ፍሎክ» የሚባለው መቆለፊያ ከዚህ ይሻላል፤ የያዘው ፕሮግራም ሲሞት ሲስተሙ ራሱ ይፈታዋል። የሚያግደው ግን «ተይዟል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውን ብቻ ነው። ለከፋ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ጫካው ውስጥ ኮቦ አለ፤ በልማድ የአንድ ቤተሰብ የሆነ፣ ቀፎ የሚሰቀልበት የደን ድርሻ። አጥር የለውም፤ ጎረቤት ግን የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ በሰው ኮቦ ቀፎ አይሰቅልም። የሚያስቸግረው ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ነው። የእኔ እንግዳ አንድ ባልደረባዬ ነበር፤ ቅጹን ትቶ መዝገቡን በቀጥታ ከፍቶ አስተካከለው።

ዛሬ የምቆልፈው ለጥቂት ሰከንድ፣ መዝገቡ እስኪገለበጥ ድረስ ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ቅጂው ላይ የፈለገውን ያህል ይቆይ፤ ዋናው ለመዝጋቢዋ ክፍት ነው። ጉድለቱ፣ የማታ እርማት ወደ ነገ ክፍያ ይዞራል፤ ገበሬው ቢከፋው እውነት አለው። ስለዚህ የክፍያው ወረቀት ራስጌ ላይ «እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የተመዘገበ» የሚል አስገብቻለሁ። መዝጋቢዋ ግን አሁንም ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ «እየሠራ ነው? ልንካው?» ትላለች።