ገመዱ ከመወጠሩ በፊት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1000 ሜትር በላይ ተወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ፍሬን የሚግልበት፣ ሞተር የሚፈላበት ቦታ ነው። እዚያ ከነተሳቢው ቦይ የገባ መኪና ሊያወጣ የሚመጣውን ክሬን ነጂ ማመስገን እፈልጋለሁ። ማንኛውንም ሳይሆን፣ ሥራውን የሚያውቀውን።

የሚያውቀው ሰው መጀመሪያ ገመድ አይነካም። ጎማ ሥር ታኮ ያስገባል፤ ከኩርባው ወዲያ ምልክት ያስቀምጣል፤ ጭነቱ ወዴት እንዳዘነበለ ዞሮ ያያል። ቀጥሎ ሕዝቡን ያርቃል። ተወጥሮ የተበጠሰ የብረት ገመድ እግር እንደሚቆርጥ ስለሚያውቅ፣ «ዞር በሉ!» ሲል ለሽማግሌም አያዳላም። መንጠቆውን ሻንሲው ላይ እንጂ ባምፐር ላይ አያስርም። ሲስብም ጥቂት ስቦ ያቆማል፣ ወርዶ ያያል፣ እንደገና ይስባል። ተመልካቹ ይሰለቻል፤ እኔን ደስ የሚለኝ ግን ይኸው መንቀርፈፉ ነው።

ሲጨርስ ታኮ የነበረውን ድንጋይና ለምልክት የተጣለውን ቅርንጫፍ ከአስፋልቱ ላይ ያነሳል። ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው፤ ማታ የሚመጣው ሾፌር ድንጋዩን የሚያገኘው በጎማው ነው።

በብሪታንያ ይህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ፓስ 43 በሚባል መስፈርት ተጽፎ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ ብዙው ከነጂ ወደ ረዳት በዓይን የሚተላለፍ ሙያ ነው፤ ነጂው ሥራ ሲያቆም የሚቀረው ረዳቱ ያየውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ሙቀት ረዳቱን አጠገቡ አቁሞ፣ መንጠቆው ለምን እዚህ እንጂ እዚያ እንደማይታሰር የሚያስረዳውን ነጂ ከሁሉም አስበልጬ አከብራለሁ።