የእንግሊዝኛ ቃል በደጋ ሰው አፍ

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ ያደገ ተማሪ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ገብቶ እንግሊዝኛ ሲናገር ከጓደኞቹ ሣቅ አያመልጥም። ትምህርት ቤትን «እስኩል» አለ፤ በጋን «ሰመር» ሲል «መ»ን አጠበቀ፤ «ቲቸር» ሲል «ር»ን አንከባለለ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሣቁ በምን መሠረት ላይ እንደ ቆመ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ፥ ትክክለኛ የሚባለው አነጋገር የማን ነው? ዳንኤል ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው የአነጋገር መዝገበ ቃላት መነሻ ያደረገው በአዳሪ ትምህርት ቤት የተማሩ የደቡብ እንግሊዝ ቤተ ሰቦችን አነጋገር ነው። የለንደን ሰው በ«ካር» መጨረሻ ላይ «ር»ን ይውጣል፤ አሜሪካዊውና የስኮትላንድ ሰው ግን ያሰሙታል። እንግዲህ በደብረ ታቦር ልጅ ላይ የሚነቀፈው «ር» በኤዲንብራ ነውር አይደለም ማለት ነው። ወደ አገራችንም ቋንቋው በአንድ አፍ ብቻ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የህንድ መምህራን አስተምረዋል፤ ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ተጨምረዋል።

በሁለተኛ ደረጃ፥ ስሕተት የሚባለው አብዛኛው ሥርዓት ያለው ነው። አማርኛ ቃልን በሁለት ተከታታይ ተነባቢ መጀመር አይወድም፤ ስለዚህ «ስፖርት» «እስፖርት» ይሆናል። የስፔን ቋንቋ ተናጋሪም እንግሊዝኛ ሲናገር እንዲሁ ያደርጋል። በአማርኛ ማጥበቅ ትርጉም ይለውጣል፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ሲሆን፥ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። በዚህ የለመደ ጆሮ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ሁለት ጊዜ የተደገመ ፊደል ሲያይ ያጠብቃል። ይህ ጠባይ የሸዋውም ልጅ ነው። አዲስ አበቤው የሚበልጠው ቋንቋውን አዘውትሮ በመስማት ዕድል እንጂ በአፍ አፈጣጠር አይደለም። በ1860ዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን ታላቅ መድፍ ሁላችንም «ሴባስቶፖል» እንለዋለን፤ ሩሲያውያን ከተማዋን «ሴቫስቶፖል» ይላሉ። በዚህ ግን ማንም አልሣቀም።

ይሁን እንጂ «አነጋገር ምንም አይደለም» የሚሉትም አልተሳካላቸውም። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ የሚለዩት በመካከላቸው ባለው አናባቢ ብቻ ነው፤ ያንን ያልለየ ተማሪ ሐሳቡ ይጠፋበታል። በገጠር «ፖሊስ» «ቦሊስ» ሲባል አድማጩ አማርኛ ስለ ሆነ ይረዳል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ፕ» እና «ብ» ከተቀላቀሉ ጀርባና ሻንጣ ማሰናዳት አንድ ይሆናሉ።

ስለዚህ መምህራን ሁለቱን ቢለዩ መልካም ነው፦ ትርጉም የሚያጠፋው ይታረም፤ የአገር ቃና ብቻ የሆነው ይተው። በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ሂሳቡም፥ ሕክምናውም፥ ሕጉም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ«እስኩል» የተሣቀበት ተማሪ በማግሥቱ እጁን አያወጣም፤ የማይጠይቅ ተማሪም የሚያጣው ቃና ሳይሆን ትምህርቱን ነው።