«አሻራ» ወይስ «ዱካ»? ስለ አንድ የአካባቢ ጥናት ቃል አተረጓጎም

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሰው አዲስ ቅዳም አካባቢ ሲደርስ ለብዙ ዓመታት ሁለት ነገር ሲያስተውል ቆይቷል፤ አንደኛው የፋግታ ለኮማን መሬት ያለበሰው የዲከረንስ ተክል፣ ሁለተኛው ለከተማ ገበያ በጆንያ የሚጫነው ከሰል ነው። ተክሉን «አረንጓዴ አሻራ» እንለዋለን፤ ጭሱን የሚያሰላው ተመራማሪ ደግሞ «የካርቦን አሻራ» ይለዋል። አንዱ ምስጋና ነው፣ ሌላው ዕዳ። አንድ ቃል ሁለቱን ሲሸከም አንባቢው የትኛውን ይያዝ?

ፅንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቀው የካናዳው ምሁር ዊልያም ሪስ ነው፤ በ1996 ከተማሪው ከማቲስ ዋከርናግል ጋር በመጽሐፍ አብራርቶታል። አንድ ሕዝብ የሚጠቀምበትን ለማምረትና ቆሻሻውን ለማስወገድ የሚያስፈልገውን የመሬትና የውሃ ስፋት ያሰላል። በ2002 አርየን ሁክስትራ ስሌቱን ወደ ውሃ ወሰደው፤ የካርቦኑ ስሌትም እየተስፋፋ ሄደ። መለኪያው ከሄክታር ወደ ሜትር ኩብና ወደ ቶን ቢለያይም መሠረታዊው ጥያቄ አልተለወጠም፤ ይኸውም «ይህ ሁሉ የወጣው ለማን ጥቅም ነው?» የሚል ነው።

«አሻራ» ይህን ጥያቄ አይመልስም። የጣት አሻራ የባለቤቱን ማንነት ያረጋግጣል፤ «አሻራውን አሳረፈ» ሲባልም ሰውዬው መልካም ሥራ ትቶ ማለፉን እንረዳለን። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የችግኝ ተከላ ዘመቻ ቃሉን የመረጠው በዚሁ ስሜት ነው፤ የዘመቻው የእንግሊዝኛ ስምም ውርስን እንጂ የእግር ምልክትን አያመለክትም። እንግዲህ «አሻራችንን እንቀንስ» ብሎ መጻፍ የቋንቋውን ጆሮ ይጎረብጣል።

«ዱካ» ግን ተከታትለው የሚደርሱበት ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅላል፤ ከ4 እስከ 5 ዓመት ቆይቶም ቆርጦ ያከስላል። ዛፉ ሲያድግ የወሰደውን ካርቦን ሲነድ ይመልሳል፤ ዳግም ከተተከለ መልሶ ይወስዳል፤ ሲከሰል የሚወጣው ሚቴን ግን ለብቻው ይቆጠራል። ስለ ወረዳው የተደረጉ በርካታ ጥናቶች የመሬት ሽፋን ለውጥን በሳተላይት ምስል የሚለኩ ናቸው፤ ምስሉ ዛፉን ያሳያል፣ ከሰሉ የነደደበትን ምድጃ ግን አያሳይም። ስሌቱን «የገበሬው አሻራ» ያልነው እንደሆነ ጥፋቱን በአምራቹ እናትማለን። የከሰሉን ዱካ ብንከተል ግን አዲስ አበባ ምድጃ ዘንድ እንደርሳለን።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው «አሻራ» ሥር ሰዷል የሚል ነው፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ሥር የሰደደው በውርስ ፍቺው ስለሆነ እዚያው ይቆይ። ሁለተኛው «ዱካ» መጠንን አይገልጽም የሚል ነው፤ ይህኛው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ቁጥር በሚጠቀስበት ቦታ «ልክ» የሚለውን ቃል እንድንጨምር እናሳስባለን፦ የካርቦን ዱካ፣ የውሃ ዱካ፣ የሥነ ምኅዳር ዱካ፤ «የዱካው ልክ ቀነሰ»።

በመጨረሻም አዊኛ የትምህርት ቋንቋ በሆነበት ዞን ስያሜው ከአማርኛ ብቻ ተገልብጦ መሄድ የለበትም። የአዊኛ ተናጋሪዎች ጠፍቶ የሚፈለግ ከብትን ምልክት ምን ብለው እንደሚጠሩት ቀድሞ ይጠየቅ። ቃል የሚሠራው ባለ ሙያ ቢሆንም የሚያጸናው ተናጋሪው ነውና።