ተልባና ሰም በቃ!

ጎመንና ቆስጣ የሚተክልበትን የእንጨት ሣጥን ራሱ የሚሠራ ሁሉ ይህን ይስማልኝ! የተልባ ዘይትና የንብ ሰም አንድ ላይ ሆነው ጣውላን ከብስበሳ ሲጠብቁ ካየሁ ወዲህ ዝም ማለት አቅቶኛል።

ችግሩን እናውቀዋለን። እርጥብ አፈር የተሸከመ ጣውላ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥቶ ይቀባዋል። ሰላጣ ለሚበቅልበት ሣጥን ይህ በፍጹም አይሆንም! ከሞተር የወጣ ዘይት ከባድ ብረቶችና ካንሰር አምጪ ውህዶች አሉበት። ያረጀ የመብራት ምሰሶ ሰንጥቆ መሥራትም ያው ነው፤ ክሪዮሶት ወይም አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት የጠጣ ሊሆን ይችላል።

ተልባ ግን! ድንቁ ነገር ዘይቱ መድረቁ ነው፤ ያውም ሳይተን። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይተሳሰርና እዚያው እንጨቱ ውስጥ ይጠጥራል። የወይራና የፓልም ዘይት ይህን አያውቁም፤ ሳይደርቁ ይሻግታሉ። ሰሙ ደግሞ ከላይ ሆኖ ውሃውን ይመልሳል። ሰም የት ይገኛል የሚል ካለ፣ ኢትዮጵያ እኮ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከጠጅ የሚተርፈው ሰፈፍ ሲነጠር የሚወጣው ይኸው ሰም ነው!

አሠራሩስ? አንድ እጅ ሰም ለአምስት እጅ ዘይት። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሚቀልጥ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ለብ እንዳለ በጨርቅ ውስጡንም ውጪውንም መቀባት ነው። በተለይ የተቆረጡትን ጫፎች መላልሳችሁ አጥግቧቸው፤ እንጨት ውሃን አብዝቶ የሚስበው በእነሱ በኩል ነው። ትርፉን ወልውሉት። ደግሞ ሽታው! ቤቱን ሁሉ ማር ማር ያሰኘዋል።

ዘይቱ ንጹሕና ያልተቀላቀለ ይሁን። በቀለም መሸጫ «የተፈላ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቶሎ እንዲደርቅ ኮባልት ወይም ማንጋኒዝ ይጨመርበታል። ንጹሑ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል፤ ግን የሚበላ ነገር ነውና መጠበቁ ያዋጣል። አንድ አደጋ አለው፦ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሙቀት ይነዳል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ጣውላው ጥድ ከሆነማ ምን ይወጣለታል፤ ጥድ በተፈጥሮው ምስጥንም ብስበሳንም ይቋቋማል። ከታች የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አትርሱ፤ ውጪውንም በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ድገሙት።

ሣጥኑን ሠርታችሁ አፈር ለመሙላት የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አፈሩን ጥቂት አቆዩትና መጀመሪያ ይህን ቀቡ!