የልብ ምት ሲዛባ ተጠያቂው ማን ነው?
በባቤዥያ የታመሙ ውሾችን ልብ የመረመረ ጥናት ሲገመገም

ባቤዥያ በመዥገር የሚተላለፍ፣ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ እየተራባ የሚያፈርሳቸው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በደቡብ አፍሪካ ውሾችን በብርቱ የሚያጠቃው ባቤዥያ ሮሲ የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ በጸናባቸው ላይ ከደም ማነስ አልፎ ኩላሊትን፣ ሳንባንና አንጎልን ይጎዳል። የልብ ጉዳት ግን ለረጅም ጊዜ እምብዛም የማያጋጥም ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከለወጡት ሥራዎች አንዱ ኤራን ድቪር፣ ሬሞ ሎቤቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት ነው።

ተመራማሪዎቹ ከ100 በላይ የታመሙ ውሾችን በኢሲጂ መርምረዋል። ካገኟቸው ለውጦች መካከል ከልብ የላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚሄደው ምት መታገድ፣ ከታችኛው ክፍል ያለጊዜው የሚነሣ ምት፣ የኤስ-ቲ ክፍል ከፍና ዝቅ ማለት እንዲሁም የቲ ሞገድ መግዘፍ ይገኙበታል።

የጥናቱ ዋና ብርታት ኢሲጂው ብቻውን እንዲመሰክር አለመደረጉ ነው። የሞቱት ውሾች የልብ ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የደም መፍሰስ፣ የሕዋሳት መሞት፣ ብግነትና በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቶበታል። ከዚሁ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሥራም የትሮፖኒን መጠን ከሕመሙ ጽናት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ልብ መጎዳቱ አያጠራጥርም።

አከራካሪው ጉዳይ በእያንዳንዱ ውሻ ላይ የታየው የምት ለውጥ ከምን መጣ የሚለው ነው። በጤነኛ ውሻ ላይ እንኳ ምቱ ከአተነፋፈስ ጋር መፍጠኑና መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ በዕረፍት ጊዜም የምት መተላለፍ አልፎ አልፎ ሊቋረጥ ይችላል። በተፈጥሮ ታሞ ወደ ክሊኒክ የሚመጣ ውሻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሕመሙ በፊት የተነሣ፣ ለንጽጽር የሚሆን ኢሲጂ የለውም። በተጨማሪም ከባድ ደም ማነስ፣ የኦክስጅን እጥረት፣ የደም አሲድነትና የፖታሲየም መዛባት ተመሳሳይ ለውጥ ያመጣሉ። ለበሽታው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኢሚዶካርብም ምቱን ሊያዘገይ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ሳይለኩ ለውጡን በቀጥታ ለተሕዋሱ መስጠት ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው።

ሎቤቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የክለሳ ጽሑፍ፣ በዚህ በሽታ የኢሲጂ ክሊኒካዊ ጥቅም ውሱን እንደሆነና ክትትሉ በልብና በደም ዝውውር አሠራር ላይ ቢመሠረት እንደሚሻል አመልክቷል። የለውጦቹን ዝርዝር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ይህን ቁም ነገር ያጣዋል።

ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪሞች ብቻ አይደለም። የወባ ተሕዋስም እንደ ባቤዥያ ሁሉ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ ለወባ የሚሰጠው ኪኒን ደግሞ የኪው-ቲን ርዝመት ይጨምራል። በጽኑ ወባ የተያዘ ሕመምተኛ ኢሲጂ ተዛብቶ ሲገኝ «ወባው ልቡን ነካው» ብሎ ከመደምደም በፊት ሄሞግሎቢኑን፣ የደም ስኳሩን፣ ፖታሲየሙንና የወሰደውን መድኃኒት መመርመር ይገባል። አብዛኞቹ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸውና፣ በችኮላ የተሰጠ ድምዳሜ የሚያሳጣው ሕይወትን የማዳን ዕድል ነው።

በጠቅላላው ጥናቱ የልብን መጎዳት በበቂ ማስረጃ ያሳየ፣ ሊነበብ የሚገባው ሥራ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ያንኑ ውሻ በሕመሙ ጊዜና ከዳነ በኋላ በተነሡ ኢሲጂዎች ማነጻጸር፣ እንዲሁም በሌላ ምክንያት እኩል ደም ካነሳቸው ውሾች ጋር ማስተያየት ሊሆን ይገባል።