መሪው በመድረክና በሸንጎ

በቴያትራችንና በልብ ወለዳችን ውስጥ መሪ ማለት ከሞላ ጎደል በፈረስ ላይ ያለ ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ብቻ እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» እየተፈራረቁ ጽፈውላቸዋል። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ታላቅ ሰው ታላቅ ድርሰት ይጋብዛል። የሚያሳስበው ግን በዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ አንባቢውና ተመልካቹ መሪነትን ከብቸኝነት፣ ከቁጣና ከአሟሟት ጋር ብቻ አያይዞ ማወቁ ነው። መምህሩ ይህንኑ በክፍል ውስጥ ያስተምራል፣ ካድሬውም በስብሰባ ላይ ይህንኑ ድምፅና ይህንኑ አቋቋም ሳያውቀው ይወርሳል።

ነገሩን በአንድ ደራሲ ሁለት መጻሕፍት መመርመር ይቻላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ምድር ያፈራው ደራሲ ነው። በቸሃ ቋንቋ የጻፈውን የመንደር ታሪክ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ታትሟል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የጻፋቸው ሁለት ልብ ወለዶች፣ «አፈርሳታ» በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ስለ ቴዎድሮስ የሚተርከው ደግሞ በ1974፣ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት ወጥተዋል።

የኋለኛው፣ የቋራው ካሣ ከሽፍትነት ተነስቶ ለዘውድ እንዴት እንደበቃ የሚተርክ ነው። ታሪኩ ይስባል፣ ይፈጥናልም። ሆኖም መሪው ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል፣ ከሁሉም ቀድሞ ይወስናል፤ የተቀረው ሰው ወይ ይከተለዋል ወይ ይሸነፍለታል። መጽሐፉን ስንዘጋ ካሣን እናደንቃለን እንጂ ሰዎች ለምን እንደ ተከተሉት በቂ መልስ ይዘን አንነሳም።

«አፈርሳታ» ግን ሌላ ዓለም ነው። ናማጋ የተባለ ገበሬ ጎጆው በሌሊት ይቃጠላል። ቃጠሎውን ያደረሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የውድማ ሠላሳ መንደሮች በአፈርሳታ ይሰበሰባሉ። አውጫጭኝ በሚል ስሙም የምናውቀው ይህ ሥርዓት የአካባቢው ሰው ሁሉ ከሥራው ተነስቶ፣ ከአንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ የሚጠያየቅበት ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ንጉሥ የለም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ስብሰባው ራሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሽማግሌዎቹ ትእዛዝ አይሰጡም፤ ይጠይቃሉ፣ ያምላሉ፣ ይቀጥራሉ፣ ደግሞ ይሰበሰባሉ።

እዚህ ላይ ሐያሲ ሊሳሳት የሚችልበት መንገድ አለ፤ ሸንጎ ሁሉ ደግ ነው፣ አንድ ሰው የሚያዝዝበት ሁሉ ክፉ ነው ብሎ መደምደም። ሣህለ ሥላሴ እንዲህ ያለ የዋህነት አልፈቀደም። ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ መሐላ ጥፋተኛውን ለማውጣት አይበቃም። ገበሬው የእርሻ ቀኑን ይከስራል። ደራሲው ይህን ያለ ንዴትና ያለ ፌዝ ስለሚነግረን፣ መሪነት ሰውን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ብቻ እንዳልሆነ ራሳችን እንድንረዳው ያደርጋል። ለእኔ ከሁለቱ መጻሕፍት የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ስለ መሪነት የሚነግረንም መሪ ሳያቆም ነው።

ጉራጌ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ሰባት ቤት የጆካን፣ ክስታኔ ጎርደናን፣ መስቃንም ፈረዘገኘን የሚያህል የሽማግሌዎች ሸንጎና የሴራ ሥርዓት አቆይተዋል። ሴራ እዚህ ተንኮል ማለት አይደለም፤ ሕግና ደንብ ነው። በመንደር ወለል ብሎ የሚዘረጋውን ጀፎር ሀብታም ቢሆን ባለሥልጣን አጥሮ አይወስደውም። ለቅሶና ሰርግ የሚውልበትን ያን ሰፊ ሣር የሚጠብቀው ዘበኛ ሳይሆን ሁሉም የሚገዛለት ደንብ ነው። የቃቄ ወርድወትን ታሪክ ያቆየልንም ይኸው ሸንጎ ነው። በቃል ታሪኩ እንደሚነገረው፣ ወርድወት የሴቶቹን አቤቱታ ይዛ ከየጆካ ሽማግሌዎች ፊት ቆመች። ጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ ለመድረክ፣ እንዳለጌታ ከበደ «እምቢታ» በተሰኘው ልብ ወለድ ይህን ታሪክ ሲያነሱ ለመሪ ገጸ ባሕርያችን አዲስ ግዴታ ጨምረውበታል፤ ሴትየዋ ማስረዳት አለባት። ሰይፍ የላትም፤ ተቃዋሚዋም ዳኛዋም አንድ ሸንጎ ነው።

ቡታጅራ ደግሞ የፈረሰኛውን መሪ ፍጻሜ አይታለች። ራስ ደስታ ዳምጠው ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ በደቡብ መዋጋታቸውን አላቆሙም። በየካቲት 1929 በጎጌቲ በተደረገው ውጊያ ጦራቸው ተሸነፈ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያው ወደቁ፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተይዘው ተገደሉ፤ ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን፣ ከአዲስ አበባው ጭፍጨፋ በአምስተኛው ቀን፣ በቡታጅራ አካባቢ ተረሸኑ። አንድ ጸሐፌ ተውኔት ይህን ቢያነሳ እጁ ወዲያው ወደዚያች የመጨረሻ ሰዓት እንደሚሮጥ አያጠራጥርም። ጸጋዬ በ«ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» መንገዱን ከፍቶታል፣ በዚያም ተውኔት ሰዓቲቱ ሙሉ ድርሰት ትሸከማለች፤ ጳጳሱ የሚከራከሩት ከኅሊናቸው ጋር ነውና። ስለ ጦር መሪ ግን ያቺ ሰዓት የምትነግረን ጀግንነቱን ብቻ ነው። አሥር ወር ገደማ የፈጀውን የሽሽትና የውጊያ ጉዞ፣ ስንቅ ያለቀበትን ጦር፣ ልሂድ የሚለውን ጭፍራ፣ እህሉን ላለመስጠት የሚከራከረውን ባላገር ትተን የመሪነትን ጉዳይ ከየት እናገኘዋለን?

የመድረክ ሰው እንደ መሆኔ ችግሩን አውቀዋለሁ። ተዋናይ ጎራዴ ሲመዝ ጭብጨባ ይመጣል። ተቀምጦ ሲያዳምጥ ግን ተመልካቹ ያዛጋል፣ አዘጋጁም «ትዕይንቱን አሳጥረው» ይላል። ማዳመጥን ድርጊት ማድረግ ከባድ የእጅ ሥራ ነው። የሚያዳምጠው ሰው ከሰማው የተነሳ ሐሳቡን ሲለውጥ ካላየን በስተቀር ማዳመጡ ዝምታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መሪው የሚለወጥበት ተውኔት ግን በጣም ጥቂት ነው።

ይህ የሙያ ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ከ2011 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በመስቃንና በማረቆ መካከል በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሁለቱም ወገን የሚፈለገው መሪ የራሱን ሰው ተቆጥቶ ማስቀመጥ፣ የሌላውንም ሙሾ እስከ መጨረሻው መስማት የሚችል ነው። ይህን ሰው በመድረክ ላይ አይቶት የማያውቅ ወጣት በመንገድ ላይ ሲያገኘው ፈሪ ይለዋል።

ለሚጽፍ ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለመሥራት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ ከመሪዎቹም ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ በስም ይታወቃሉ። ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ሕዝቦች ገንዘብና ጉልበት አዋጡ። ጄኔራል የለመደው ትእዛዝ ነው፤ መዋጮ ግን በትእዛዝ ቢጠየቅ ግብር ይሆናል። እንግዲህ መጋረጃው ሲከፈት ማዕረግ ያለው ሰው በእንሰት አጥር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያለው ገበሬ መንገዱ መሬቱን እንደሚቆርጥበት አውቋል፤ ገንዘብም መሬትም አልሰጥም ብሏል። ጄኔራሉ ምን እንደሚመልስለት ገና አልተጻፈም።